ፊት የማይታይበት ዳርቻ

ጁላይ 1፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እማዬ በየማለዳው ቀን መቁጠሪያው ላይ በእርሳስ ትሰርዛለች። አርባ ዘጠኝ እስኪሞላ የሟች ነፍስ ከቤቱ አይርቅም ይላሉ። እውነት ከሆነ ወንድሜ ኮሄይ አሁን ከኋላዬ ቆሞ በእጅ ጽሑፌ እየሳቀ ነው።

ደብተሩ የሱ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ገጾች በሱ እጅ ተጽፈዋል፤ ጀንበር የምትጠልቅበት ሰዓት፣ ባሕሩ የሚሸሽበት ሰዓት፣ ነፋስ። ሌላው ባዶ ነው።

መጻፍ የፈለግኩት ስለ ፎቶው ነው። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት እማዬ በምትሠራበት የዓሣ ማድረቂያ ሣጥን ይሸከም ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ኡራሃማ ዳርቻ ወርዶ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ፎቶ ያነሳል፤ በራሳቸው ስልክ፣ በነጻ። ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ የሚቀሩት ኩሬዎች ሰማዩን እንደ መስተዋት ይይዙታል። ግን የት እንደሚቆም፣ ስልኩም ምን ያህል ወደ ውሃው ዝቅ እንደሚል ያላወቀ ሰው ጭቃ አንስቶ ይመለሳል። ኮሄይ ያውቅ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዱ ተኝቶ፣ "አንድ እግር አንሱ! ጃንጥላውን ከፍ! እማማ፣ እርስዎም ይዝለሉ እንጂ!" ሲል ኖረ።

እሱን ማንም አላነሳውም። ሲሞት የተገኘው የመንጃ ፈቃዱ ፎቶ ብቻ ነበር። ባለ ፎቶ ቤቱ ኩሳካ ሳን ቤት ውስጥ ለሟች ለሚቆመው መሠዊያ እንደሚደረገው አጉልተው፣ ጀርባውን ሰማያዊ አድርገው፣ ከአንገቱ በታች ጥቁር ሱፍና ክራቫት አለበሱት። ወንድሜ በሕይወቱ ክራቫት አስሮ አያውቅም። ፖሊስ የያዘው ሰው ይመስላል። እማዬ ጠዋት ሩዝ ስታቀርብለት ቀና ብላ አታየውም።

ጁላይ 2

የእንግሊዝኛ ፈተና። ግማሹን ባዶ ሰጠሁ። መምህሩ ሳይቆጡ ተቀበሉኝ። አሁን ማንም አይቆጣኝም።

ጁላይ 4፣ ዓርብ

እማዬ ዛሬም ጠየቀች። ከሥራ ስትመለስ ዳርቻው አፋፍ ላይ በረዶ ፈጭተው ሽሮፕ እያፈሰሱ የሚሸጡትን ኢዋሳ ሳንን አገኘቻቸው። እኔ ብስክሌቱን ይዤ ከኋላ ነበርኩ።

"ያን ምሽት መጨረሻ ያነጋገረው ማን ይሆን?"

"ሳዋኮ፣ እህቴ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ወገቤን አሞኝ ቀድሜ ዘግቻለሁ። ባልዘጋ ኖሮ በረዶ አቅርቤለት ትንሽ አቆየው ነበር። እኔም እንቅልፍ የለኝም።"

"ስልክ ሲያናግርስ ያየው ሰው የለም? ስልኩ ሲጠራ የሰማ?"

"ኧረ የለም።"

ይህንኑ ፖሊሱን ጠይቃለች። የገጨውን የጭነት መኪና ሾፌር ጠይቃለች፤ ሰውየው ግንባሩን መሬት አስነክቶ አለቀሰ። ውሻ ይዘው የሚያልፉትን ሁሉ ትጠይቃለች። ወንድሜ በስኩተሩ ከዳርቻው ወጥቶ ኩርባው ላይ ነው የተገጨው፤ ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሰኞ ጁን 9። ሌላው ሁሉ ይታወቃል። እሷ የምትፈልገው የመጨረሻ ቃሉን ነው። ስለ ስልኩ ለምን እንደምትጠይቅ ግን አይገባኝም። የራሷን ስልክ እንኳ ከስንብቱ ሥርዓት ወዲህ ዘግታ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ጥላዋለች።

እኔ ማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ነበርኩ። ሰኞ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ሒሳብ አለኝ። ለፖሊሱም ይህንኑ ተናግሬያለሁ።

ከማጠናከሪያው ቤት ፖስታ መጥቷል፤ የጁን ወር የክትትል ወረቀት መሆን አለበት። እማዬ ስልኩ ያለበት መሳቢያ ውስጥ አስገባችው። ከፍታው ይሁን አይሁን አላውቅም።

ጁላይ 7

ዛሬ የምኞት በዓል ነው። ኢዋሳ ሳን በረንዳቸው ላይ ቀርከሃ አቁመው መንገደኛው ሁሉ ምኞቱን በወረቀት ጽፎ አንጠልጥሏል። "ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ልግባ"፣ "እባክህ ክብደቴን ቀንስልኝ"፣ "ሩኢ ትውደደኝ"። የእማዬን ጽሕፈት ከሩቅ አውቀዋለሁ። አላነበብኩትም።

አነበብኩት። "ስልኩን ሳያየው ቀርቶ ይሁን" ይላል። ምን ማለት ነው?

ጁላይ 9፣ ረቡዕ

ፎቶ አንስቼው አውቃለሁ። አንድ ጊዜ። በሜይ ወር፣ "እስቲ አንዴም እኔን አንሳኝ" ብሎ ስልኬን አስያዘኝና ኩሬው ማዶ ቆመ። ዛሬ በምሳ ሰዓት ለክፍል ጓደኛዬ ለሺንጎ አሳየሁት።

"ይሄ ኮሄይ ነው ወይስ የመንገድ ምልክት?" አለ።

ከዚያ ደነገጠ። "ይቅርታ፣ አፌ ነው... ይቅርታ።"

"ልክ ነህ" አልኩት።

እኛ ኡራሃማ ተወልደን ሌላ አነሳስ አናውቅም። ሰውን ኩሬው ማዶ፣ ፀሐይን ከሰውየው ጀርባ። ሰማዩ ሁለት ይሆናል፣ ሰውየው ደግሞ ጥቁር ጥላ። እንግዶች የሚወዱት ይህንን ነው፤ ወፍራም ቀጭን፣ ሽማግሌ ወጣት አይለይም። ወንድሜንም እንደዚያው አነሳሁት። ባርኔጣው ያስታውቃል፣ የታጠፈ ጉልበቱ ያስታውቃል፣ ፊት የለውም።

ሺንጎ የሩዝ ድብልብሉን እያላመጠ፣ "የሚያነሳው ሰው ነው እኮ ወደ ፀሐይ የሚያየው" አለ።

"ምን?"

"ተነሺው ፀሐይን ጀርባውን ይሰጣል፣ አንሺው በፊቱ ይቀበላታል። የኮሄይ ፊት ቡግ ብሎ የሚታየው ኩሬው ማዶ ለቆመው ሰው ነው። ከእነሱ መሃል አንዱ ስልኩን አዙሮ አንስቶት ቢሆንስ?"

ፊዚክስ ሲወድቅ የኖረ ልጅ ነው።

ጁላይ 12፣ ቅዳሜ

ኮሄይ በየቀኑ ለእንግዶች የሚጽፍበት ጥቁር ሰሌዳ ዳርቻው መግቢያ ላይ እንዳለ አለ። በኮሄይ ጠመኔ፦ "ጁን 9። ጀንበር፦ ምሽት አንድ ሰዓት ከሩብ። ነፋስ፦ የለም። ዛሬ ባሕሩ ከእኔ ፀጉር ይልቅ ተበጥሯል።" ዝናብ ሊመጣ ሲል ኢዋሳ ሳን ላስቲክ እየሸፈኑበት ነው ያልጠፋው።

አላጠፋሁትም። ሰሌዳውን አዙሬ ከጀርባው ጻፍኩ፦

"እዚህ ፎቶ የሚያነሳችሁ ወጣት ሞቷል። ስታዩት ደስ ብሏችሁ እሱን አንስታችሁት ከሆነ፣ እናቱ ፊቱን ማየት ትፈልጋለች። በኢዋሳ በረዶ ቤት አድራሻ ላኩልን።"

ኢዋሳ ሳን አንብበው አፍንጫቸውን ጠረጉ። "'ሞቷል' ብሎ ጀምሮ በረዶ ይሸጣል እንዴ? ገበያዬን ልትዘጋው ነው" አሉኝ። ቀጥለው ከቤታቸው አዲስ ጠመኔ አመጡና፣ "ደመቅ አድርገህ ጻፈው፣ ከመኪናው እንዲታይ" አሉ።

በኦገስት 13፣ የሙታን ነፍሳት ወደየቤታቸው በሚመለሱበት በዓል፣ የሱ ነፍስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልሳ ትመጣለች። እማዬ በክራቫቱ ፎቶ ልትቀበለው አይገባም። እስከዚያ ማግኘት አለብኝ።

ጁላይ 18

ትምህርት ተዘጋ። የሰሌዳውን ፎቶ ሰው ሁሉ ይቀባበለዋል አሉ። አሥራ አንድ መልእክት መጥቷል። አንዱ ፎቶ የሌለው ፖስት ካርድ ነው፤ "በጣም ደግ ሰው ነበር" ይላል።

ጁላይ 23

እስካሁን በመጡት ፎቶዎች ላይ ያለው፦ ክርን። ጫማ። አሸዋ ላይ የተዘረጋ ቲሸርት። የአንድ ሕፃን ጆሮ አጠገብ የባርኔጣ ጫፍ። ሌላው ሁሉ ጥላ።

ጁላይ 27፣ እሑድ

አርባ ዘጠኝ። መነኩሴው መጡ፣ አስከሬኑ ተቃጥሎ ቤት የቆየው አጽሙ ወደ መቃብሩ ወረደ። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ድንጋዩን ሲገልጡት ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ወጣ።

ከጸሎቱ በኋላ አክስቴ ኩሽና ውስጥ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ "ትንሹ አንድ ጠብታ አላነባም። ምን ዓይነት ልብ ነው?" እማዬ ሳህን ማጠቧን ሳታቆም፣ "ታኩማን ተዪው" አለቻት። "የሚለው ሲኖረው ይላል።"

የሚለው ሲኖረው?

መነኩሴው ሲወጡ ጫማቸውን አቀበልኳቸው። "ወንድምህን ምን ያስታውስሃል?" አሉኝ። ያን ቀን ውሃው እንዴት ጸጥ እንዳለ ነገርኳቸው፤ ደመናው አሸዋው ላይ ተኝቶ፣ አንዲት ሴት ቀይ ጃንጥላ ይዛ ስታልፍ ጃንጥላው ሁለት ሆኖ። "አብረኸው ነበርክ?" አሉ።

"አይ፣ ማጠናከሪያ ነበርኩ። ሺንጎ ነው የነገረኝ።"

ሺንጎ ጁን 9 አያቱ ጋ ከተማ ነበር። መነኩሴው ይህን አያውቁም።

ኦገስት 3፣ እሑድ

ሰሌዳው ጋ ቆሜ ሳለሁ አንድ ባልና ሚስት ስልክ ይዘው መጡ። "አንተ ነህ እንዴ ፎቶ የምታነሳው?" አይደለሁም ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ሰውየው ግን ስልኩን እጄ ላይ አድርጎ ጫማውን ማውለቅ ጀምሯል።

በሆዴ ተኛሁ። አሸዋው እርጥብና ለብ ያለ ነው። ስልኩን ዝቅ ሳደርገው ውሃ ነካው፣ ሴትየዋ ጮኸች። ሦስቴ አነሳኋቸው፣ ሦስቱም ጠማማ። "እንግዲህ ምን ይደረግ" ብሎ ሰውየው ሳቀ። ኢዋሳ ሳን ከአፋፉ፣ "አንገትህን ሳይሆን ሆድህን ዝቅ! ወንድምህ እንደ ቁርበት ነበር የሚነጠፈው!" ብለው ጮኹ።

ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች። እንባ አመጣብኝ። እሱ በየቀኑ እንዲህ ሲያለቅስ ነበር ማለት ነው፣ እየሳቀ።

ኦገስት 8

እማዬ ነጩን ፋኖስ ገዝታ መጣች። በሞተ ዓመቱ ብቻ የሚሰቀል ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመለስ ነፍስ ቤቱ እንዳይጠፋበት። ወንበር ላይ ቆማ ጣሪያው ጫፍ ላይ ስትሰቅለው ወንበሩን ያዝኩላት።

"መንገዱን መቼም አይስትም" አልኳት።

"ያን ጊዜም መንገዱን አልሳተም" አለች። "የሆነ ነገር ዓይኑን አንስቶበት እንጂ።"

አምስት ቀን ቀረ። ምንም አላገኘሁም።

ኦገስት 11፣ ሰኞ

መጣ።

ኢዋሳ ሳን በብስክሌት፣ ሽርጣቸውን ሳይፈቱ አመጡልኝ። ከናጎያ ነው፣ ቶኪዋ ከሚባሉ አሮጊት። ደብዳቤውን ሦስቴ አንብቤዋለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ የሚጣል ካሜራ ነበር የያዙት፤ ፊልሙን ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጅቶባቸው፣ ካሳጠቡት በኋላ የልጅ ልጃቸው ስለ ሰሌዳው ነገረቻቸው።

ፎቶው ላይ ኮሄይ በሆዱ ተኝቶ ቀና ብሏል። ፊቱ እንዳለ ወርቅ ነው። አንድ ዓይኑ በፀሐይ ተጨፍኗል፣ አፉ ተከፍቷል፤ "ይዝለሉ" እያለ ነው። ጉንጩ ላይ አሸዋ አለ። የተሰበረው ጥርሱ እንኳ ይታያል።

ከሱ በስተጀርባ የባሕሩ ግንብ አለ። ግንቡ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰ፣ ቢጫ ቦርሳ የያዘ ልጅ ተቀምጧል።

ቶኪዋ ሳን እንዲህ ጽፈዋል፦ "ጁን 9 የጋብቻችን አርባኛ ዓመት ነበር። ከኋላ ያለው ልጅ ያዘነ ስለመሰለኝ ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። እሱም፣ 'ታናሼ ነው፤ እኔን እየጠበቀ ነው' አለኝ።"

አልነበረም። እየጠበቅኩት አልነበረም።

ኦገስት 12

ወደ ፎቶ ቤት። ኩሳካ ሳን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ይሄ ነው ኮሄይ" አሉ። "ያኛውን ስሠራ እኔም አልወደድኩትም ነበር።" ቀጥለው በጣታቸው ጀርባውን ነኩ። "እንደ ወጉ ግንቡን ላጥፋው። ልጁንም። ለመሠዊያ ፎቶ ከሟች ጋር ሕያው ሰው አይቀመጥም።"

"አዎ" አልኩ።

"ማን ነው ልጁ?"

"እንጃ። እንግዳ ይሆናል።"

መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መልሰው አዩኝ። ቢጫው ቦርሳ ትከሻዬ ላይ ነበር። ፎቶውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። ማታ ስመለስ ሁለት ፖስታ ሰጡኝ። "ይሄ የተስተካከለው ነው። ይሄ ደግሞ እንደነበረ ያጎላሁት ነው። የትኛው እንደሚሰቀል ቤተሰብ ነው የሚወስነው።"

የተስተካከለው ጥሩ ነው። ጀርባው ሰማያዊ ነው። ማንም ምንም አይልም። ማንም መቼም አያውቅም።

ኦገስት 13፣ ረቡዕ

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ሁሉንም ልጽፈው ነው።

ምሽት ላይ ነፍሱን የምንቀበልበትን እሳት ደጃፍ ከማንደዳችን በፊት የተስተካከለውን ፎቶ ሰጠኋት። ክራቫቱን አውርዳ ይሄኛውን ስታስቀምጥ በእጅጌዋ መስተዋቱን ወለወለችው። ከዚያ ሳቀች። ከጁን ወዲህ ስትስቅ መስማቴ ነው። "ጥርሱን ተመልከተው" አለች። "አራተኛ ክፍል ሳለ ነው፣ ብስክሌት ላይ ቆሞ።" ብዙ ሳቀችና ብዙ አለቀሰች። በመጨረሻ፣ ለኔ ሳይሆን ለፎቶው፣ "አንድ ነገር ብቻ ብትነግረኝ" አለችው። "ስጠራህ የት ነበርክ?"

"መቼ ነው የጠራሽው?" አልኳት።

ተነስታ ኩሽና ገባች። ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ ስልኩንና የማጠናከሪያውን ፖስታ አመጣች። ፖስታው ተከፍቷል። ጁን 9፣ "ቀሪ" ይላል።

"ያን ምሽት አንድ ሰዓት ሲያልፍ ደወሉልኝ። 'ታኩማ አልመጣም' አሉኝ። ወንድምህ ይፈልግህ ብዬ ኮሄይ ጋ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። መንገድ ላይ እያለ ከሆነ... ስልኩን ለማየት ዓይኑን አንስቶ ከሆነ ታኩማ፣ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ።"

ሁለት ወር ሙሉ። ከጎኗ ሩዝ እየበላሁ።

ሁለተኛውን ፖስታ ፊቷ አስቀመጥኩት። አወጣችው። መጀመሪያ ኮሄይን አየች፣ ቀጥላ ግንቡን። ጣቷ ቢጫው ቦርሳ ላይ ቆመ።

ነገርኳት። ሒሳቡ ስላልገባኝ ሦስት ሰኞ በተከታታይ መቅረቴን። እንግዶቹ ሲሄዱ ኮሄይ ሆዱ ሁሉ አሸዋ ሆኖ ወደ ግንቡ መምጣቱን። "ተነስና ስኩተሩ ላይ ከኋላ ተቀመጥ፣ ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ትደርሳለህ" አለኝ። እኔ ደግሞ፣ "ወንድም ጋሼ፣ ለማታውቃቸው ሰዎች ስልክ ስትጫን እየዋልክ ለኔ ምክር አትስጠኝ" አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት። እሱ ሳቀ። የሩዝ ድብልብሉን ገምሶ ግማሹን ሰጠኝ።

ያኔ ስልኩ ጠራ።

"የት?" አለች እማዬ። "የት ሆኖ?"

"ግንቡ ላይ። አጠገቤ። አይቶ 'እማዬ ናት' አለ። 'ካነሳሁት ልዋሻት ነው' ብሎ ዘጋውና ኪሱ ከተተው። ከዚያ፣ 'አልነግራትም። አንተ ራስህ ትነግራታለህ' አለኝ። ስኩተሩን ሁለቴ ረግጦ አስነሳው። ወደ ኋላ አልዞርኩም፤ ሩዙን እየበላሁ ነበር። ከዚያ በኋላ አልደወልሽም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠራው።"

"አንድ ጊዜ ብቻ ነው የደወልኩት" አለች።

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። "ዘጋው?" አለች። "በእጁ? ሳይሄድ?"

"ሳይሄድ።"

"አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ።"

አየር ስትስብ እንደ ሰጠመ ሰው ነበር። ከዚያ አንገቴን በአንድ እጇ ይዛ ግንባሬን ጉልበቷ ላይ አደረገችው። "አንተ ጅል" አለች። "አንተ ጅል ልጅ። ቀን በቀን እኮ ነው የጠየቅኩህ።" እኔን በስሜ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም። መንገዱን ሁሉ፣ ውሻውን ሁሉ ስትጠይቅ ግን እኔ ሁልጊዜ ከኋላዋ ብስክሌት ይዤ ነበርኩ።

እሳቱን አነደድን። ጭሱ ወደ ባሕሩ ሳይሆን ወደ ቤት ገባ።

ኦገስት 14

ጠዋት ስነሳ መሠዊያው ላይ ያለው ፎቶ ተለውጧል። ግንቡ ያለበት ነው። አክስቴ፣ "ከሟች ጋር ሕያው ሰው አይደረግም፣ ገደቢስ ነው!" ብላ ጮኸች። እማዬ፣ "እየጠበቀው ነው" አለቻት። የቶኪዋ ሳንን ደብዳቤ አንብባ ኖሯል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰሌዳውን ወደ ፊቱ መለስኩት። የኮሄይን ጽሑፍ በእርጥብ ጨርቅ አጠፋሁ፤ ጊዜ ወሰደብኝ፣ ጠመኔው እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጻፍኩ፦ "ኦገስት 14። ጀንበር፦ ለአንድ ሰዓት አምስት ጉዳይ። ነፋስ፦ ትንሽ። አንሺው ጀማሪ ስለሆነ ታገሡት።"

እማዬ ወረደች። ከጁን ወዲህ አሸዋውን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ጫማዋን በእጇ ይዛ ኩሬው ጋ ደረሰችና እንደ ሁላችን ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ልትቆም ሄደች።

"እዚያ አይደለም እማዬ። ዙሪ።"

"ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ይገባል እኮ።"

"ይግባ።"

ኩሬውን ተሻግሬ በባሕሩ በኩል ተኛሁ። ውሃው በሸሚዜ ገባ። ሰማዩ አልገባልኝም፣ ደመናውም አልገባልኝም፣ አድማሱ ጠማማ ነው። ፊቷ ግን ይታያል።